ከፍራሽ ሥር የሚነጠፍ የጤና መለኪያ በጎንደር ቤት፦ ምን ይሠራል፣ የት ይሰናከላል

ፍርዱን ከፊት እናስቀምጠው። የዊዚንግስ ኩባንያ «ስሊፕ አናላይዘር» ከፍራሽ ሥር ተነጥፎ ሌሊቱን የልብ ምትና ትንፋሽ የሚቆጥር ጥሩ ዕቃ ነው። ለጎንደር ቤት የሚሆነው ግን አልጋው፣ ሶኬቱና ኢንተርኔቱ ቀድመው ከተስተካከሉ ብቻ ነው። ሦስቱ ካልተሟሉ ያው ገንዘብ በክንድ ደም ግፊት መለኪያና በሚዛን ላይ ቢውል ይሻላል። ሰዓት ማሰር ለማይወዱና ቻርጅ ማድረግ ለሚረሱ አረጋውያን ከሆነ ግን እሱን የሚተካ ዕቃ ብዙ አይገኝም፤ አንዴ ከተነጠፈ በኋላ የሚለብሱት፣ የሚነኩት፣ የሚያስታውሱት ነገር የለም።

ዕቃው በጨርቅ የተሸፈነ፣ ከ60 ሳንቲ ሜትር ጥቂት የሚረዝም ጠባብና ስስ ምንጣፍ ነው። ውስጡ አየር የሚሞላ ከረጢት አለ። ልብ ደም በገፋች ቁጥር ሰውነት በዓይን በማይታይ መጠን ይነቀነቃል፤ ደረትም በትንፋሽ ከፍ ዝቅ ሲል ፍራሹን ይጫናል። የከረጢቱ የአየር ግፊት ከዚያ ጋር ይለዋወጣል፣ መሣሪያውም ያንን ለይቶ ይቆጥራል። ማይክሮፎን ስላለው ማንኮራፋትንም ይሰማል። የፊንላንዱ «ኤምፊት» በአየር ፋንታ ጫና ሲያርፍበት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ስስ ፊልም ይጠቀማል፤ መርሁ ግን ያው ነው። ደም ግፊት፣ ኦክሲጅን፣ ስኳርና የሰውነት ሙቀት የፍራሹ ሥር ሴንሰር አይለካም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ይህ ማንቂያ ደወል አይደለም። ሲመዘግብ አድሮ ውጤቱን የሚልከው ሰውየው ጠዋት ከአልጋ ሲነሣ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ልብ ቢዛባ የማንም ስልክ አይጮህም። «እናቴን ሌሊት ይጠብቅልኛል» ብሎ የሚገዛ ሰው ሌላ ዕቃ እየገዛ መሆኑን ይወቀው።

አልጋውን እንይ። ፍራሹ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ሊኖረው ይገባል። ከዚያ የሳሳ ስፖንጅ ላይ የተኛ ሰው ምንጣፉ ይቆረቁረዋል፤ ክብደቱም በቀጥታ ከረጢቱ ላይ ስለሚያርፍ ቁጥሩ ይዘበራረቃል። መሐሉ የጎደጎደ የቆየ ስፖንጅም እንዲሁ ነው። የጥጥ ፍራሽ ይሆናል፣ ግን ጥጡ ቋጠሮ ሠርቶ ከሆነ አስቀድሞ ይነደፍ። የጣውላ አልጋ ጣውላዎቹ ከተቀራረቡ ምንም አይልም፤ ሰፊ ክፍተት ካለ ግን ምንጣፉ መሐል ላይ ይረግባል። ጠፍር አልጋ ከሁሉ ያስቸግራል፤ ጠፍሩ መሐሉ ላይ ስለሚሰምጥ ሴንሰሩ ይታጠፋል። ለሁለቱም መድኃኒቱ አንድ ነው፦ በአልጋው ስፋት ልክ የተቆረጠ ኮምፔንሳቶ ማንጠፍና ሴንሰሩን በኮምፔንሳቶውና በፍራሹ መካከል ማኖር። መደብ ደልዳላ በመሆኑ ለምልክቱ ጥሩ ነው፤ ችግሩ እርጥበቱ ነው። በክረምት ከሥሩ ወፍራም ላስቲክ ካልገባ ጨርቁ ይሻግታል። ሁለት ፍራሽ ተደራርቦ ከሆነ ሴንሰሩ የሚገባው ከላይኛው ሥር ነው።

ቦታው የደረት ትክክል ነው፤ ሰውየው በልማዱ ጋደም ሲል ጡቱ የሚያርፍበት መሥመር። ልቡ የደከመ ሰው ደግሞ ትንፋሽ ስለሚያጥረው ሁለት ሦስት ትራስ ደርቦ ቀና ብሎ ነው የሚተኛው። የትራሱ ክምር በደረቱና በፍራሹ መካከል ሲገባ ምልክቱ ይደክማል። ይበልጥ ክትትል የሚያስፈልገው እንዲህ ያለው ሕመምተኛ መሆኑ የዕቃው ትልቁ ጉድለት ነው። ትራሱን ከፍራሹ ሥር አስገብቶ ፍራሹን ራሱን ከራስጌ ማዝመም፣ ሴንሰሩንም ከተነሣው የፍራሹ ክፍል ሥር ማድረግ ይረዳል።

የልጅ ልጅ ከአያት ጋር የሚያድርበት ቤት ብዙ ነው። ሴንሰሩ ሁለት ልብ ለይቶ አይቆጥርም። ልጁ በግድግዳው በኩል ይተኛና ምንጣፉ ወደ አያት ወገን ይሳብ፤ ጠባብ አልጋ ላይ ግን ይህም አያድንም። ወፍጮ ቤት ወይም ጄኔሬተር ያዋሰነው ቤት ከሆነ አልጋው ከዚያ ግድግዳ ይራቅ። ሴንሰሩ የሚፈልገው መነቅነቅ እጅግ ረቂቅ ስለሆነ የሞተር ንዝረት ይውጠዋል።

ሲተከል ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። አፑ ስልክ ላይ ተጭኖ አካውንቱ አስቀድሞ ይከፈት። ምንጣፉ ሳይጨማደድ ይነጠፍ፣ ፍራሹ ይመለስ፣ አንሶላና ብርድ ልብሱ እንደ ወትሮው ይደረግ፣ ከዚያ ሶኬት ላይ ይሰካ። አፑ በብሉቱዝ ያገኘውና የዋይፋዩን ስምና ቁልፍ ይጠይቃል። ወዲያው ከረጢቱ ራሱን መንፋትና መለካት ይጀምራል፤ 10 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በዚያ ጊዜ አልጋው ላይ ሰው፣ ሕፃን፣ የታጠፈ ጋቢ እንኳ መኖር የለበትም። ያኔ የተቀመጠ ሸክም እንደ ባዶ አልጋ ስለሚቆጠር ቀጣዮቹ ሌሊቶች ሁሉ የተሳሳቱ ይሆናሉ። ፍራሽ ከተቀየረ ወይም አልጋው ከተዛወረ ይኸው ሥራ ከአፑ ላይ እንደገና ይደገም።

ሶኬት ላይ ሁለት ነገር አለ። የመጀመሪያው ስፒናው ነው። ከዱባይ የመጣ ከሆነ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ሊሆን ይችላል። ማቀያየሪያ ተሰክቶበት ሌሊት ሲላቀቅ ከማደር፣ ገመዱ ዩኤስቢ ስለሆነ ደህና የስልክ ቻርጀር ባለ 5 ቮልትና ቢያንስ 1 አምፒር ፒያሳ ካሉት የሞባይል ሱቆች ገዝቶ መተካት ይቀላል። ገመዱ ሰው በሌሊት ሲነሣ በሚረግጥበት በኩል አይለፍ፤ በኮመዲኖው ጀርባ ይዙር።

ሁለተኛው መብራት ነው። ሴንሰሩ የራሱ ባትሪ የለውም፤ መብራት ሲጠፋ መዝገቡም ይቆማል። ፓወር ባንክ መሐል ላይ ማስገባት ይቻላል፣ ግን ሁሉም አይሆንም። ብዙዎቹ የሚሳብባቸው ኤሌክትሪክ በጣም ትንሽ ሲሆን «ስልኩ ሞልቷል» ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ራሳቸው ቻርጅ ሲደረጉ ወደ ውጭ አያወጡም። ሲገዙ ሁለቱንም ሱቁ ውስጥ መሞከር ነው፦ ፓወር ባንኩ ሶኬት ላይ እንደተሰካ ሴንሰሩን ማገናኘት፣ ስፒናውን መንቀል፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቆ የፓወር ባንኩ መብራት አለመጥፋቱን ማየት። ሻጩ ቢሰለች ይሰልች።

ራውተሩም መብራት ይፈልጋል። በ12 ቮልት የሚሠራ አነስተኛ የራውተር ዩፒኤስ 8,800 ሚሊ አምፒር ሰዓት ተብሎ ከተጻፈበት፣ ያ ቁጥር የተሰላው በባትሪው 3.7 ቮልት ነው፤ ወደ 32 ዋት ሰዓት ማለት ነው። ብክነቱ ሲቀነስ 7 ዋት የሚስብ ራውተርን አራት ሰዓት ገደማ ያቆየዋል። ሌሊቱን ሙሉ አያደርስም። ካርቶኑ ላይ «12 ሰዓት» የሚል ካለ የማንን ራውተር ለክተው እንደጻፉት መጠየቅ ነው።

ኢንተርኔቱ ላይ፣ ሴንሰሩ የሚያውቀው 2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ብቻ ነው። አዳዲስ ራውተሮች 2.4ን እና 5ን በአንድ ስም ስለሚያወጡ ግንኙነቱ መሐል ላይ ይከሽፋል፤ በራውተሩ ገጽ ገብቶ ሁለቱን በተለያየ ስም መለየት ነው። የስልክ ሆትስፖት የሚሠራው ስልኩ ጠዋትም እዚያው ቤት ካለ ብቻ ነው፤ ስልኩ ከልጅየው ጋር ሥራ ከሄደ ውጤቱ አይላክም። መታሰብ ያለበት ሌላም አለ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቶ ነበር፤ እንዲያ ሲሆን መረጃውን ሁሉ ውጭ አገር ካለ ሰርቨር ጋር እየተላላከ የሚያሳይ ዕቃ መደበኛ መሥመር በሌለው ቤት ጌጥ ከመሆን አያልፍም። ርካሹ ስማርት ባንድ እዚህ ላይ ይበልጠዋል፤ መረጃውን ራሱ ላይ ለተወሰኑ ቀናት አቆይቶ በብሉቱዝ ለስልኩ ያስረክባል።

ሰዓት አቆጣጠሩም ያደናግራል። አፑ «02:00» ካለ የእኛ ሌሊት 8 ሰዓት ነው። የመድኃኒት ማስታወሻ ለጠዋት 2 ሰዓት ሲሞላ «08:00» ተብሎ ነው የሚገባው። ይህን ባለማስተዋል ሽማግሌን በውድቅት ቀስቅሶ ክኒን ማስዋጥ ይመጣል። የስልኩ የሰዓት ክልል «አዲስ አበባ» መሆኑም ይታይ፤ የዱባይ ሆኖ ከቀረ ሁሉም በአንድ ሰዓት ይንሸራተታል።

ቁጥሮቹን እንዴት እናንብብ? የመጀመሪያዎቹ 14 ሌሊቶች የሰውየውን የራሱን ልክ ለማወቅ ብቻ ይሁኑ። የአዋቂ ሰው እረፍት ላይ ያለ የልብ ምት በደቂቃ ከ60 እስከ 100፣ ትንፋሽ ከ12 እስከ 20 ነው ይባላል፤ ይህ ግን ሰፊ ሜዳ ነው። ልባቸው ዘወትር 58 የሚመታ እናት ለሦስት ሌሊት 74 ላይ ካደሩ ሁለቱም «ጤናማ» የተባለው አጠገብ ሆኖ ሳለ አንድ ነገር ተለውጧል። ትኩሳት በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ልብ ወደ 10 ምት ይጨምራል። ከመተማ በኩል የመጣ ሰው ላይ እንዲህ ዓይነት ዝላይ ከታየ የወባ ምርመራ ማሰብ ነው። የሌሊት ትንፋሽ ብዛት ደግሞ በጣም የተረጋጋ ቁጥር ስለሆነ ከ15 ወደ 20 ወጥቶ እዚያው ከቆየ ከልብ ምቱ የበለጠ ሊያሳስብ ይገባል። በሰሙነ ሕማማት ቀኑን ሲሰግዱ የዋሉ ሰው ሌሊት ልባቸው ከፍ ብሎ ቢያድር ግን የሚያስደነግጥ አይደለም።

ሴንሰሩ የሚሳሳትበት ዋና ሕመም አለ፦ የልብ ምት መዛባት። ምቱ ወጥ ካልሆነ በመነቅነቅ የሚቆጥር መሣሪያ ይምታታል። የቁርጥማት የልብ ሕመም፣ ማለትም በልጅነት የጉሮሮ ቁስለት የሚጀምረው የልብ በር ጉዳት፣ በአገራችን ብዙ ሰው ላይ ስላለ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ለእንዲህ ያለ ሰው በጣት መቁጠር ወይም ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው ምርመራ) ብቻ ነው የሚታመነው። «ጥልቅ እንቅልፍ»፣ «የእንቅልፍ ነጥብ» የሚባሉት ቁጥሮች? ይዝለሏቸው።

የእጅ ባንድና ሰዓት በአጭሩ። አረንጓዴ ብርሃን ቆዳ ላይ አብርተው የደሙን ሞገድ በማየት ነው ምት የሚቆጥሩት። ከእጅ አንጓው አጥንት አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ ቆዳውን ሳይቆርጥ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰር። ንቅሳት ያለበት አንጓ ላይ ቀለሙ ብርሃኑን ይውጠዋልና ወደ ሌላኛው እጅ ይዛወር። የሻኦሚ ባንዶች በየ1 ደቂቃው እንዲለኩ ከተደረገ ባትሪያቸው ማስታወቂያው ከሚለው ሁለት ሳምንት በጣም ያጥራል፤ በየ10 ደቂቃው ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። እንደ ኡራ የጤና መለኪያ ቀለበት በየወሩ በውጭ ካርድ የሚከፈልባቸውን፣ ከፋዩ ውጭ አገር ካልሆነ በቀር፣ አለመጀመር ነው።

ፒያሳም ሆነ በቴሌግራም «ደም ግፊትና ስኳር ያለመርፌ ይለካል» ተብለው የሚሸጡ ርካሽ ሰዓቶች ሌላ ነገር ናቸው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ቆዳ ሳይወጉ ስኳር እንለካለን ከሚሉ ሰዓቶችና ቀለበቶች እንዲጠነቀቁ ሕዝቡን አስጠንቅቋል፤ የፈቀደው አንድም አልነበረም። ሻጩ ፊት የሚደረግ ፈተና አለ፦ ሰዓቱን በተጠቀለለ ፎጣ ላይ አስሮ «ለካ» ማለት። 118 በ76 ብሎ ከመለሰ ፎጣው ጤነኛ ነው፣ ሰዓቱ ግን አይገዛም።

ጣት ላይ ተቆንጥጦ የደምን ኦክሲጅን በመቶኛ የሚያሳየው መለኪያ ላይ ትንሽ እንቆይ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት፣ ከእርሱም ጋር የምንስበው ኦክሲጅን፣ ከባሕር ዳርቻ አገር ከአንድ አምስተኛ በላይ ያንሳል። ስለዚህ ቁጥሩ ሲወርድ «ከፍታው ነው» ማለት ቀላል ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች አምባራስ፣ 3,530 ሜትር ላይ በሚኖሩ ሰዎች ያገኘው አማካይ 95.3 በመቶ ነው። እዚያ ተራራ ላይ እንዲህ ከሆነ ጎንደር ከተማ ውስጥ 88 ላይ የቆየ ቁጥርን ለከፍታ መስጠት አይቻልም።

የሚያሳስተው ከከፍታ ይልቅ ሌላ ነው። የቀዘቀዘ ጣት፣ ጥቁር የጥፍር ቀለም፣ የጠቆረ እንሶስላ ብርሃኑን ያደክማሉ፤ እጅን ማሞቅ፣ ያልተቀባ ጣት መምረጥ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ አንድ ደቂቃ መጠበቅ ነው። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ደግሞ መሣሪያው ከእውነታው ከፍ አድርጎ ሊያነብ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት መለኪያው ከ92 እስከ 96 ባሳየበት ጊዜ እውነተኛው የደም ኦክሲጅን ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው በነጮች 3.6፣ በጥቁሮች 11.7 በመቶ እንደነበር አሳይቷል። ስለዚህ 92 ላይ ቆሞ መተንፈስ የከበደውን ሰው ቁጥሩ «ደህና ነው» ስላለ ቤት ማስቀመጥ ስሕተት ነው። ከሁሉ የከፋው የከሰል ጭስ ነው። በክረምት በተዘጋ ክፍል ከሰል ነዶ ሰው ራሱን ቢስት የጣት መለኪያው የከሰሉን መርዝ ከኦክሲጅን አይለይም፤ 98 ሊል ይችላል። በር መክፈት፣ ሰውየውን ማውጣት፣ መሮጥ እንጂ መለካት አያስፈልግም።

የክንድ ደም ግፊት መለኪያው፣ ኦምሮንም ሆነ ሌላ በሕክምና ፈተና ያለፈ፣ ከዚህ ሁሉ ዕቃ ለገንዘቡ የሚበልጠው ነው። የሚነፋው ጨርቅ ልክ ወሳኝ ነው፤ የክንዱ ዙሪያ በሜትር ይለካና 32 ሳንቲ ሜትር ካለፈ ሰፊው ይገዛ፤ ጠባቡ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያነባል። ቡና ከተጠጣ 30 ደቂቃ ይቆይ፤ አቦል ጠጥቶ ቶናው እስኪደርስ መለካት አይሆንም። ወንበር ላይ ተደግፎ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ እግር አለማነባበር፣ እጅጌ ማውለቅ። በርጩማ ላይ ተቀምጦ ክንድን ጭን ላይ ማንጠልጠል የተለመደ ጥፋት ነው። ክንዱ ከልብ በ10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ባለ ቁጥር ውጤቱ በ8 ያህል ይጨምራል። ጠዋትና ማታ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ሁለት ጊዜ ለሰባት ቀን ተለክቶ፣ የመጀመሪያው ቀን ተጥሎ፣ የቀረው አማካይ 135 በ85 ከደረሰ ለሐኪም ይነገር።

ሚዛኑ ደግሞ ልቡ ለደከመ ሰው ከፍራሽ ሥር ሴንሰሩ ቀድሞ ይናገራል። በየጠዋቱ ሽንት ከተሸና በኋላ፣ ቁርስ ሳይበላ፣ ደረቅ ወለል ላይ። በሦስት ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ መጨመር ውሃ እየተጠራቀመ ነው ማለት ነው፤ ቀጠሮ ሳይጠበቅ የክትትል ክሊኒኩ ይጠየቅ።

ክንድ ላይ የሚለጠፈው «ፍሪስታይል ሊብሬ» የስኳር ሴንሰር እንደ ዓይነቱ 14 ወይም 15 ቀን ያገለግላል፤ በዓመት 25 ያህል ማለት ነው፤ የማያቋርጥ ላኪ ለሌለው አይመከርም። በተለጠፈበት ጎን ሲተኙበት ሐሰተኛ ዝቅታ ያሳያል። ሌሊት ከ70 በታች ካለ፣ ሰውየው ደህና ከመሰለ፣ ጣት ወግቶ ማረጋገጥ ነው፤ ካላበውና ከተንቀጠቀጠ ግን ስኳር ያለው ነገር መጀመሪያ።

የቀረው የመልእክቱ ተቀባይ ነው። ችግር ሲገጥም ለዘመድ መልእክት የሚልኩ የእጅ ሰዓቶች ላይ የመጀመሪያው ስልክ ቁጥር ዋሽንግተን ያለው ልጅ ሊሆን አይገባም፤ ከእኛ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ነው፣ ቢነቃም በር አያንኳኳም። ቁልፍ ያላት ጎረቤት አንደኛ፣ መኪና ያለው ዘመድ ሁለተኛ፣ ልጁ ሦስተኛ ይሁን። አካውንቱ በማን ስም እንደተከፈተና የይለፍ ቃሉ በወረቀት ተጽፎ የት እንዳለ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ይወቅ። ሐኪም ጋ ሲኬድ ስልኩን ይዞ ገጽ በገጽ ማሳየት የሐኪሙን ጊዜ ይበላል። በአንድ ወረቀት ላይ የ14 ቀን ደም ግፊት፣ ክብደትና የሌሊት ልብ ምት በቀን በቀን ተጽፎ፣ ከሥሩ የሚወሰዱት መድኃኒቶች ከነመጠናቸው ቢሰፍሩ ተራ ደርሶ እስኪወጣ ባለው ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ይነበባል።